የእግዜር እንግዳ ማይክ ሲይዝ፦ ቤተ ክርስቲያን ከእኛ የተለየ ሰው ለምን ትጋብዛለች?



በቅርቡ ከአሊ አዴ ካምፕ ለሕክምና ወደ ጅቡቲ ከተማ የመጣ አንድ ወንድም አግኝቼ ነበር። ሻይ እየጠጣን ብዙ ካወራን በኋላ አንድ ነገር ጠየቀኝ። «በጸሎት ቤታችን አንድ እንግዳ ሊናገር ሲነሳ ግማሹ ሰው ጥሎ ወጣ። ሰውየው የሌላ ብሔር ሰው ነው፣ ሃይማኖቱም ትንሽ ይለያል። እኔ ቁጭ አልኩ፤ ግን እስከ አሁን ልክ ሠርቼ ይሁን አጥፍቼ አላውቅም። ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ዓይነት ሰው መጋበዝ አለባት ወይ?» አለኝ።

ጥያቄው ቀላል አይደለም። እኔም ራሴ አንድ ጊዜ ጥለው ከወጡት ወገን ልሆን ምንም አልቀረኝም ነበር። ስለዚህ ዛሬ ነገሩን ከሥሩ ጀምሬ፣ የማውቀውን ያህል ላስረዳችሁ።

ተጋባዥ እንግዳ ስንል ማንን ነው?

ብዙ ጊዜ ጠቡ የሚነሳው ሦስት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም ስለምንጠራቸው ነው።

አንደኛው ተጋባዥ መምህር ወይም ሰባኪ ነው። ይህ ሰው ከሌላ ደብር ወይም ከሌላ አገር መጥቶ የዚያችኑ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት የሚያስተምር ነው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ዐውደ ምሕረት ላይ የሚቆም ሰው ሊያስተምር እንደሚችል በሚመለከተው አባት ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ማንም ደስ ያለው ተነስቶ የሚናገርበት ቦታ አይደለም። በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም በቅዳሴ መካከል የሚሰጠው ስብከት ለካህን ወይም ለዲያቆን የተተወ ነው፤ ምእመን በሌላ ሰዓት ሊያስተምር ይችላል። በወንጌላውያኑ ዘንድ ደግሞ «እንግዳ አገልጋይ» ይባላል፤ የሚጋብዙት የቤተ ክርስቲያኒቱ ሽማግሌዎች ናቸው፣ ኃላፊነቱንም የሚወስዱት እነሱ ናቸው።

ሁለተኛው ባለሙያ ነው። ስለ ቲቢ የምታስረዳ ነርስ፣ ስለ ስደተኛ ሕግ የሚናገር ጠበቃ፣ ስለ ልጆች ትምህርት የሚመክር መምህር። ይህ ሰው ስብከት አይሰብክም። ሃይማኖቱ ምንም ይሁን ምን የመጣው ለእውቀቱ ነው።

ሦስተኛው አስቸጋሪው ነው። ያየውንና የደረሰበትን እንዲናገር የሚጋበዝ፣ ግን ከእኛ የተለየ ሰው ነው። የሌላ ሃይማኖት፣ የሌላ ቋንቋ፣ አገር ቤት ባለው ጦርነት በሌላ ወገን የተጎዳ ሰው። «ምን ሊለን ነው?» የሚባለው ለእሱ ነው።

ልብ በሉ፤ ለሦስቱም ቦታቸው አንድ አይደለም። ዐውደ ምሕረቱ ወይም መድረኩ ለመጀመሪያው ነው። ለሁለተኛውና ለሦስተኛው አዳራሽ አለ፣ ግቢ አለ፣ ከአምልኮ በኋላ ቡና የሚጠጣበት ጥላ አለ። «ሙስሊም በቤተ ክርስቲያን ሰበከ» የሚለው ወሬ ብዙውን ጊዜ የሚወለደው ይህ ልዩነት ሳይነገር ሲቀር ነው። አንድ ሰው አዳራሽ ውስጥ ስለ ሕይወቱ መናገሩና ዐውደ ምሕረት ላይ ማስተማሩ ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

በጅቡቲ ከተማ ነገሩ እንዴት ነው?

ካምፕ ላላችሁና ከተማውን በደንብ ለማታውቁ ትንሽ ልንገራችሁ። ጅቡቲ የእስልምና አገር ናት። እ.ኤ.አ. የ1992 ሕገ መንግሥት እስልምና የመንግሥት ሃይማኖት መሆኑን ይናገራል። ይኸው ሕገ መንግሥት ግን ዜጎች በቋንቋ፣ በዘር፣ በጾታና በሃይማኖት ሳይለዩ በሕግ ፊት እኩል ናቸው ይላል። ከሕዝቡ እጅግ የሚበዛው ሱኒ ሙስሊም ሲሆን፣ ክርስቲያኑ በአብዛኛው የውጭ ሰው ነው፦ ኢትዮጵያዊ፣ ፈረንሳዊ፣ ከሌላው አፍሪካ የመጣ።

በከተማዋ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን አለች፤ የካቶሊኩ ካቴድራል አለ፤ በፈረንሳይኛ የሚያመልከው የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያንም አለ። ሙስሊም ያልሆኑ የሃይማኖት ድርጅቶች በአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር መመዝገብ አለባቸው። ለብቻቸው ያልተመዘገቡ ትናንሽ የአምልኮ ማኅበራት፣ የኢትዮጵያውያን ፕሮቴስታንቶች ኅብረቶችም ጭምር፣ በተመዘገቡት ሥር ተጠልለው ነው የሚያመልኩት። በአደባባይ ሃይማኖት መስበክን መንግሥት አያበረታታም። እንግዲህ እዚህ አገር ያለች ቤተ ክርስቲያን ራሷም እንግዳ ናት ማለት ይቻላል። አጥር አላት፤ ከአጥሩ ውስጥ የሚሆነውን ግን ጎረቤት ያያል፣ መንግሥትም ያውቃል።

ይህ እንግድነት አንድ ጥሩ ነገር አስተምሯታል። ለምሳሌ የካቶሊኩን ሀገረ ስብከት ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ከሃያ ዓመት በላይ የመሩት ጣሊያናዊው ፍራንሲስካዊ ጆርጆ በርቲን ነበሩ፤ በ2024 የተተኩት ደግሞ ፍልስጥኤማዊው ጀማል ዳይበስ ናቸው። የሀገረ ስብከቱ የእርዳታ ክንድ የሆነው ካሪታስ ጎዳና ላይ ለሚያድሩ ልጆች የቀን ማረፊያ አለው፤ ከልጆቹ ብዙዎቹ የእኛው አገር ልጆች ናቸው፣ ሙስሊምም ክርስቲያንም። እዚያ በር ላይ «የማን ልጅ ነህ? ምን ታመልካለህ?» ተብሎ ቢጠየቅ ኖሮ ማን ውኃ ያገኝ ነበር?

ሌላም ነገር አለ። ጅቡቲ ውስጥ ዓርብ እረፍት ነው፣ እሑድ ግን የሥራ ቀን ነው። ስለዚህ የቀን ሠራተኛው፣ የቤት ሠራተኛዋ፣ ወደብ ላይ የሚሸከመው ልጅ ለረጅም ፕሮግራም ጊዜ የሚያገኘው ዓርብ ነው። የእንግዳ ፕሮግራም ዓርብ ከሰዓት ሲደረግ ያያችሁ እንደሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው።

እኔ የተቃወምኩበት ቀን

አሁን የራሴን ልናገር። የቤተ ክርስቲያኒቱን ስም አልጠራም፣ የሰዎቹንም ስም አልጠራም፤ ስለ ደኅንነታቸው ነው።

የፕሮግራም ኮሚቴ ውስጥ ነበርኩ፤ አምስት ነን። እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ አንዲት እናት ከመካከላችን አሉ። አንድ ቀን «አንድ ልጅ አለ፤ ከየመን የተመለሰ። ልጆቻችን ቢሰሙት ጥሩ ነው» አሉ። ልጁ የምሥራቅ ሐረርጌ ልጅ ነው፤ ኦሮምኛ ተናጋሪ፣ ሙስሊም። አማርኛ ይሰማል እንጂ እንደ ልቡ አይናገርም።

እኔ ቀድሜ ተቃወምኩ። «ቤተ ክርስቲያን የጉዞ ወኪል አይደለችም። ስለ ታህሪብ የሚያወራ ከፈለግን የዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት ሰዎች አሉ» አልኩ። እውነቱን ልናገርና፣ ያልተናገርኩት ሌላ ምክንያት ነበረኝ። እኔ ከቀዬዬ የወጣሁት በማን ምክንያት እንደሆነ በልቤ ደምድሜ ነበር። የዚያን ልጅ ቋንቋ በሰማሁ ቁጥር ያ ቀን ይመጣብኝ ነበር። ልጁ አንድም ነገር አላደረገኝም፤ አይቼውም አላውቅ። ግን ሰው ሲጎዳ እንዲህ ነው፤ ቁስሉ ፊት አይለይም።

ሰብሳቢያችን ቄስ ናቸው። ሁላችንንም ሰሙና እንዲህ ብለው ቆረጡ፦ «ዐውደ ምሕረት ላይ አይወጣም፤ በአዳራሽ ይናገር። ስለ ሃይማኖት አይነሳም፣ ስለ ፖለቲካ አይነሳም። የደረሰበትን ይናገር፣ እኛ እንጠይቅ። ከመናገሩ በፊት ግን ቡና ይጠጣ።» የመጨረሻዋ ነገር ያን ቀን ቀላል መስላኝ ነበር።

ዓርብ ከሰዓት ልጁ መጣ። ሙቀቱን ታውቁታላችሁ፤ ሁለት ቬንቲላተር ነው ያለው፣ አንዱ አይሠራም። ሰባ የሚሆን ሰው ነበር። ገና ሊጀምር ሲል ከመስጊዱ አዛን ተሰማ። ልጁ በአስተርጓሚዋ በኩል «አስር ሰግጄ ልምጣ?» ብሎ ጠየቀ። ቄሱ «ሂድ ልጄ፣ እንጠብቅሃለን» አሉት። ሃያ ደቂቃ ጠበቅን። ከኋላ «አይመለስም» የሚል ሰው ነበር። አንዳንዱም ተነስቶ ሄደ። ልጁ ፊቱን ታጥቦ ተመለሰ።

የተናገረው ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም። ከዲክሂል በእግር እንደመጣ፣ ኦቦክ አጠገብ ዛፍ ሥር ሰባት ቀን እንደተኛ፣ ሌሊት ጀልባ ላይ እንደጫኗቸው ነገረን። የመን ሲደርሱ የተቀበሏቸው ሰዎች ወስደው ዘጉባቸው። እየደበደቡ ስልክ ያስደውላሉ፤ እናት ጩኸቱን እንድትሰማ። አባቱ ሁለቱን በሬዎችና አንድ ማሳ ሸጦ ከፈለ። ከሦስት ወር በኋላ ለቀቁት፤ በሌላ ጀልባ ተመልሶ እዚህ ደረሰ።

ይህ ለእኛ አዲስ ወሬ አልነበረም። ሁላችንም የጠፋ ዘመድ አለን። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 2024 ከየመን የተነሱ ሁለት ጀልባዎች ተሳፋሪዎች በጅቡቲ ባሕር ዳርቻ አጠገብ ውኃ ውስጥ እንዲዘሉ ተገደው ቢያንስ 45 ሰው መሞቱን እናውቃለን። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 ባወጣው ሪፖርት የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በመቶ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን እንደገደሉ ማስታወቁንም ሰምተናል። ልባችንን የነካው ሌላ ነገር ነው።

አንድ ልጅ ተነስቶ «ደላላው ማን ነበር? ምን ዓይነት ሰው ነው?» ብሎ ጠየቀው። ልጁ ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ «የእኛው መንደር ሰው ነው። ከእኔ ጋር አንድ መስጊድ ይሰግድ ነበር። የአክስቴን ልጅ አግብቷል» አለ። ቀጠለና «የመን ውስጥ በሩን ከፍታ ውኃ የሰጠችኝ ሴትዮ ግን ቋንቋዋን አላውቅም። ስሟንም አላውቅም» አለ።

አዳራሹ ጸጥ አለ። እኔ የማስበውን ሌላው ያሰበ እንደሆነ አላውቅም። እኔ ግን የኛን ደላላ አሰብኩ። እሱም የኛው ሰው ነው፤ አማርኛው ጣፋጭ ነው፣ «በማርያም» እያለ ነው የሚያስከፍለው። እኔ በር ላይ ቆሜ ልከለክለው የፈለግሁት ይህን የሐረርጌ ልጅ ነበር፤ ያ የኛ ደላላ ግን በየሳምንቱ ከመካከላችን ይቀመጥ ነበር፣ ማንም አልጠየቀውም።

ያን ቀን ከእኔ ጋር በአንድ ክፍል የሚኖሩ ሁለት ልጆች ወደ ኦቦክ ሊነሱ ገንዘብ አጠራቅመው ነበር። አንደኛው ቀረ፤ ዛሬ ወደብ አካባቢ ይሠራል። ሁለተኛው ከሦስት ሳምንት በኋላ ሄደ። ስልኩ እስከ ዛሬ አይጠራም። እንግዳ መጋበዝ ሁሉን ነገር ያድናል ብዬ እንዳልዋሻችሁ ብዬ ነው ይህን የምነግራችሁ። አንዱን ብቻ ነው ያስቀረው። ያ አንዱ ግን ዛሬ አለ፤ ማታ ማታ አብረን እራት እንበላለን።

በዚሁ ባሕር፣ ከ1400 ዓመት በፊት

ከዚያ በኋላ ነገሩን በታሪክ ለማየት ሞከርኩ። ለካ የተለየ ሰው አቁሞ መስማት ለእኛ ባዕድ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ615 አካባቢ መካ ውስጥ የሚሳደዱ የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች ቀይ ባሕርን ተሻግረው ወደ አክሱም መጡ። ስደተኞች ነበሩ፤ እንደ እኔና እንደ እናንተ። እኛ ዛሬ ባሕሩን ከዚህ ወደዚያ እንሻገራለን፣ እነሱ ደግሞ ከዚያ ወደዚህ። የእስልምና ታሪክ እንደሚነግረን፣ የመካ ሰዎች ስደተኞቹን እንዲያስመልሱ ሁለት መልእክተኞች ስጦታ አስይዘው ላኩ። መልእክተኞቹ የፈለጉት ንጉሡ ሰዎቹን ሳያነጋግር እንዲያስረክብ ነበር። ንጉሡ ነጃሺ ግን ክርስቲያን ሲሆን፣ ጳጳሳቱን ሰብስቦ «ሳልሰማቸው አሳልፌ አልሰጥም» አለ።

ከስደተኞቹ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ ተነስቶ ተናገረ። ለምን እንደተሰደዱ አስረዳ፤ ስለ እመቤታችን ማርያም ከቁርኣን አነበበ። ታሪኩ ንጉሡና ጳጳሳቱ አለቀሱ ይላል። በማግስቱ መልእክተኞቹ «ስለ ክርስቶስ የሚሉትን ጠይቃቸው» ብለው ሊያጣሏቸው ሞከሩ። ጃዕፈር እምነቱን አልደበቀም፤ የሚያምነውን ተናገረ። ጳጳሳቱ አጉረመረሙ። ልዩነቱ እኮ እውነተኛ ልዩነት ነበር። ንጉሡ ግን ስጦታውን መልሶ ስደተኞቹን በሰላም አኖራቸው። ይህን ታሪክ ያስተላለፉት ከስደተኞቹ አንዷ የነበሩት ኡሙ ሰላማ ናቸው። ትግራይ ውስጥ ነጋሽ ላይ በንጉሡ ስም የሚጠራ መስጊድ አለ፤ በ2013 ዓ.ም በጦርነቱ ጉዳት ደርሶበታል።

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር እማራለሁ። አንደኛ፣ ከፍርድ በፊት መስማት ይቀድማል። ሁለተኛ፣ እንግዳው እንዲሰማ እምነቱን መደበቅ የለበትም። ሦስተኛ፣ የሰማ ሁሉ መስማማት የለበትም፤ ጳጳሳቱ አልተስማሙም፣ ስደተኞቹ ግን አልተባረሩም።

መጽሐፍ ቅዱስም ቢሆን ይህን ያውቃል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ያለው ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ ያነበበው አልገባ ሲለው መንገድ ላይ ያገኘውን የማያውቀውን ፊልጶስን ሠረገላው ላይ አውጥቶ አስቀመጠው። እንግዳ ተናጋሪ ጋበዘ ማለት እኮ ነው! በምዕራፍ 13 ደግሞ የምኩራብ አለቆች ለጳውሎስና ለባልንጀራው ለሕዝቡ የሚሉት ምክር ካላቸው እንዲናገሩ ዕድል ሰጥተዋል። በምዕራፍ 17 የቤርያ ሰዎች የሰሙትን ወዲያው አልዋጡም፤ እውነት መሆኑን በየቀኑ መጻሕፍትን እየመረመሩ አጣሩ። መጋበዝና መመርመር አብረው የሚሄዱ ናቸው።

መድረክ ሁሉ መድረክ አይደለም

እንዲህ ስል ግን ታሪካችን ሁሉ እንዲህ ነበር ማለቴ አይደለም። በ1870 ዓ.ም ወሎ፣ ቦሩ ሜዳ ላይ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ታላቅ የሃይማኖት ጉባኤ አደረጉ። ምኒልክም ነበሩ። በቤተ ክርስቲያን ውስጥ የነበሩት የተለያዩ ወገኖች ተከራከሩ። ግን ጉባኤው ያለቀው በአዋጅ ነው፤ የተረቱት እንዲመለሱ፣ የወሎ ሙስሊሞችም ክርስትና እንዲነሱ ታዘዘ። መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ሌሎች ግን እምቢ ብለው ታገሉ፣ ተሰደዱም።

ይህን ያነሳሁት ለመውቀስ አይደለም። ልዩነቱን እንድናይ ነው። የአክሱሙ ችሎት ስደተኛን አስጠለለ፤ የቦሩ ሜዳው አዋጅ ስደተኛ ፈጠረ። ሁለቱም ጋ ሰው ተነስቶ ተናግሯል። ልዩነቱ ከንግግሩ በኋላ የተደረገው ነገር ላይ ነው። ሰውን ጋብዞ፣ አናግሮ፣ ከዚያ «በል እንግዲህ እንደ እኛ ሁን» ማለት እንግዳ መቀበል አይደለም። እንግዳውም በተራው መድረኩን ሰውን ወደ ራሱ ለመሳብ ከተጠቀመበት የተቀበለውን ቤት አላከበረም።

አደጋ የለውም ወይ?

አለው። ጥለው የወጡትን የአሊ አዴ ሰዎች እንዲሁ «ጠባብ» ብዬ ማለፍ አልፈልግም። የሚፈሩበት ምክንያት አላቸው።

በእንግዳ ስም የሚመጣ አጭበርባሪ አለ። «ካናዳ የማስገባት መንገድ አለኝ፤ ስምህን ለማስመዝገብ ይህን ያህል ፍራንክ» የሚል ሰው ጸሎት ቤት ውስጥ ማይክ ከያዘ ጉዳቱ ብዙ ነው፤ ሰው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሰማውን ያምናልና። ይህን በደንብ እወቁ፦ የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ለምዝገባም ሆነ ወደ ሦስተኛ አገር ለማስፈር ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቅ ካለ ሌባ ነው፤ መስቀል ቢይዝም።

ትንቢት እየተናገረ ገንዘብ የሚሰበስብም አለ። የአገር ቤቱን ጦርነት ይዞ መጥቶ በዘር የሚያነሳሳም አለ። ካምፕ ውስጥ ሰው ተጠጋግቶ ነው የሚኖረው፤ ከአዳራሽ የወጣ አንድ ክፉ ቃል ማታ ውኃ መቅጃው ላይ ጠብ ይሆናል። የሚመዘግብ፣ ፎቶ የሚያነሳ፣ ማን እንደተገኘ የሚያጣራም ሊኖር ይችላል። ስደተኛ ስሙና ፊቱ አገር ቤት ላሉ ቤተሰቦቹ አደጋ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ መፍትሔው በሩን መዝጋት ነው? እኔ አይመስለኝም። ከላይ የነገርኳችሁን አስታውሱ፤ ደላላው ከውስጥ ነበር። በር መዝጋት የሚያውቀንን ሌባ አያስወጣም። የሚያስፈልገው ሥርዓት ነው፤ ለውጭውም ለውስጡም እኩል የሚሠራ።

እንዴት ይደረግ?

እኛ ከዚያ ቀን በኋላ የያዝነው ልማድ አለ። ለካምፕ ጸሎት ቤቶችም ይጠቅም እንደሆነ ላካፍላችሁ፦

1. እንግዳውን የሚጋብዘው አንድ ሰው ሳይሆን ኮሚቴው ይሁን። ኃላፊነቱንም ኮሚቴው በስሙ ይውሰድ። ማን እንደሆነ፣ ማን እንደሚያውቀው፣ ስለ ምን እንደሚናገር ቀድሞ ይታወቅ።

2. ቦታው ቀድሞ ለሕዝቡ ይነገር። «ይህ ስብከት አይደለም፤ በአዳራሽ የሚደረግ ውይይት ነው» ተብሎ ይታወጅ። ግማሹ ጠብ በዚህች ዓረፍተ ነገር ብቻ ይበርዳል።

3. እንግዳው የደረሰበትን ወይም የሚያውቀውን ይናገር፤ ስለ ሌላ ሕዝብ ግን ፍርድ አይስጥ። «እኔን እንዲህ አደረጉኝ» ማለት ይቻላል። «እነዚያ ሰዎች ሁሉ እንዲህ ናቸው» ማለት አይቻልም። ይህ ለእንግዳውም ለጠያቂውም ሕግ ነው።

4. ገንዘብ አይሰብሰብ። ስልክ ቁጥርም በመድረክ አይታደል።

5. ፎቶና ቪዲዮ ያለ ፈቃድ አይነሳ። የስም ዝርዝር አይያዝ።

6. አስተርጓሚ ከሁለቱም ወገን የሚታመን ይሁን። አንድ ቃል ሲጣመም ሰው ይጣላል።

7. ጥያቄ ጥያቄ ይሁን፤ ንግግር አይሁን። እኛ ዘንድ ማይክ የያዘ ጠያቂ አሥር ደቂቃ ይናገራል፤ መጨረሻ ላይ ጥያቄው የት እንዳለ ይጠፋል። ለአንድ ሰው ሁለት ደቂቃ ይበቃል።

8. መውጣት የፈለገ ሰው በሰላም ይውጣ። አይገደድ፣ አይሰደብ። አንዳንዱ ሰው የሚወጣው ከጥላቻ ሳይሆን ከሕመም ነው።

9. ቡናው ከንግግሩ በፊት ይሁን። ይህን ቄሱ ሲሉ አልገባኝም ነበር። አብሮ ቡና የጠጣኸውን ሰው ስትሰማው ጆሮህ ሌላ ነው። ስኒ ሲቀባበሉ ሰው ይተያያል፤ እንግዳውም አይፈራም።

ከእንግዳ ደግሞ ጠቃሚ የሆኑ ርዕሶች አሉ። ለምሳሌ እዚህ ጅቡቲ ውስጥ እ.ኤ.አ. በጥር 2017 የወጣ የስደተኞች ሕግ አለ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ የወጡት ድንጋጌዎች ደግሞ የስደተኞችን የመሥራት፣ የመማርና የመታከም መብት ያብራራሉ። ካምፕ ውስጥ ስንቱ ያውቀዋል? ይህን የሚያስረዳ ሰው የጅቡቲ ተወላጅ፣ ሙስሊም፣ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ሊሆን ይችላል። ታዲያ ሃይማኖቱ አይመስለንም ብለን መብታችንን ሳናውቅ እንቅር?

ላ ጠየቀኝ ወንድም

እንግዲህ ለዚያ የአሊ አዴ ወንድሜ መልሴ ይህ ነው። ቁጭ ማለትህ ጥፋት አይደለም። ቁጭ ብሎ መስማት እምነትህን አይወስድብህም፤ የሚወስድ ቢሆን ኖሮ ነጃሺ ፊት የቆመው ጃዕፈርም ሆነ የሰሙት ጳጳሳት እምነታቸውን ይዘው ባልተመለሱ። ነገር ግን የወጡትንም አትውቀሳቸው። ሂድና ለምን እንደወጡ ጠይቃቸው፤ እነሱንም ስማቸው። ቤተ ክርስቲያን መስማት ያለባት የሩቁን እንግዳ ብቻ አይደለም፤ አጠገብህ ተቀምጦ ተቆጥቶ የወጣውንም ነው።

አገራችን ውስጥ መሽቶበት ደጃችን የቆመ መንገደኛ «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ሲል ማነህ፣ ከየት ነህ ሳይባል እግሩ ይታጠብ ነበር። ጥያቄው የሚመጣው ከበላ በኋላ ነው። ዛሬ እኛው በሰው አገር የእግዜር እንግዳ ሆነናል፤ ሌላው በር ሲከፍትልን ምን እንደሚሰማን እናውቀዋለን።

ያ የሐረርጌ ልጅ አሁንም እዚሁ ከተማ ውስጥ ነው። አንዳንድ ዓርብ እመንገድ ላይ እንገናኛለን። የእሱ አማርኛ ትንሽ ተሻሽሏል፤ የእኔ ኦሮምኛ ግን ገና ሰላምታ ላይ ነው። ባለፈው ስንገናኝ ያ የሄደው ልጅ ደውሎ እንደሆነ ጠየቀኝ። አልደወለም አልኩት። ስሙን ደግሜ እንድነግረው ጠየቀኝና የመን ለቀሩ ጓደኞቹ ሊልክ ስልኩ ላይ ጻፈው።

በያላችሁበት እግዚአብሔር ይጠብቃችሁ።